ሞሬን ያልኩት ክምር

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ፣ ከደብረ ሲና በታች ባለ ተዳፋት ላይ ለቀበሌው የውኃ ማጠራቀሚያ ቦታ እንድመርጥ ተላክሁ። ከገደሉ ሥር መሬቱ መደገፊያ እንዳለው ወንበር ተሰርጉዷል። ከፊቱ ትልቅና ትንሽ ድንጋይ ከአፈር ጋር ተደበላልቆ ተቆልሏል። ተማሪ ሳለሁ ባሌ፣ ሰነቴ ላይ ያየሁት ትዝ አለኝ፤ እዚያ የበረዶ ግግር ሸለቆውን እንደ ገበቴ አስፍቶ፣ የጠረገውን ድንጋይ ዳር ላይ ቆልሎ ቀልጧል፤ እንዲህ ያለው ክምር ሞሬን ይባላል። ማስታወሻዬ ላይ «ሞሬን፤ የረጋ መሬት» ብዬ ጻፍኩ።

መሬቱን የሚያርሱት አዛውንት ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ እዚህ ምንም እንዳታቆሙ፤ ይሄ መሬት ይሄዳል» አሉኝ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ድሮ በረዶ የከመረው ነው» አልኳቸው።

አልተከራከሩኝም። እጄን ይዘው ወስደው ወደ ገደሉ የጋደሉትን ጥዶች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሰነጠቀውን የማሳቸውን ጠርዝና ከክምሩ እግር የሚፈልቀውን ምንጭ አሳዩኝ።

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። መጀመሪያውኑ ማድረግ ነበረብኝ። በረዶ የጎተተው ድንጋይ ጠርዙ የተሞረደ ነው፤ አንዳንዱም ፊቱ ላይ ጭረት ይታይበታል። እነዚህ ግን ስለታም ናቸው፤ ሁሉም ከላይ ካለው ገደል የተገነጠለ ጥቁር ድንጋይ ነው። ደግሞስ በባሌ የበረዶው አሻራ የሚገኘው 3,000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ነው፤ እኔ የቆምኩበት 2,100 ሜትር እንኳ አይሞላም። የወንበሩ ቅርጽ በረዶ የቦረቦረው ሳይሆን ናዳው ተገንጥሎ የወረደበት ጠባሳ ነበር። በዚያ አገር ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ልፍስፍስ የእሳተ ገሞራ አመድና ሸክላ አለ፤ የክረምት ውኃ ሲሰርግበት ያሟልጫል። በ1998 ዓ.ም. እዚያው ደብረ ሲና አካባቢ ሰፊ መሬት ተንሸራቶ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። ይህን እያወቅሁ ነው ሞሬን ብዬ የጻፍኩት።

በረዶው የተወው ክምር በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት አርፏል፤ የናዳው ክምር ግን ገና አላረፈም። ከሩቅ ሲያዩአቸው መመሳሰላቸው አሁንም ያስፈራኛል። ማጠራቀሚያው ሊቆምበት ከነበረው ቦታ በታች 14 ቤቶች ነበሩ።

ማታውኑ ሪፖርቱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። በማግስቱ አዛውንቱ ከምንጩ ማዶ ያለውን አለት አሳዩን። ቧንቧው ረዘመ፣ ወጪውም ጨመረ። ማጠራቀሚያው የቆመው እዚያ ነው።