የአሉቶን ሆድ ለማየት ስሞክር፦ ሦስተኛው ወር

ከመሬት በታች ያለን ሙቀት ከላይ ሆኖ በልኬት መፈለግን እየተማርኩ ነው። ባለፈው ጊዜ «ኤሌክትሪክ በቀላሉ የሚያሳልፍ ዐለት ካያችሁ እዚያ ሙቀት አለ» ብያችሁ ነበር። ሰርዙልኝ፤ ተሳስቻለሁ።

መለማመጃዬ አሉቶ ነው፤ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው እሳተ ገሞራ። የመረጥኩት ማመሳከሪያ ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረውበታል፤ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የተለካባቸውም አሉ።

የማግኔቶቴሉሪክ ልኬቱ (ከመሬት በታች ያለው ዐለት ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካበት ዘዴ) ከላይ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ንብርብር፣ ከሥሩ ደግሞ ኤሌክትሪክን የሚቋቋም ዐለት ያሳያል። እኔም የላይኛውን «ሙቁ ውሃ ይኸው!» ብዬ ቀይ ቀባሁት። ለካ የሙቁ ውሃ ክዳን ኖሯል። ሙቅ ውሃ ዐለቱን ቀስ በቀስ ስሜክታይት ወደሚባል ሸክላ ይለውጠዋል፤ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ያ ሸክላ ነው። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በላይ እየጨመረ ሲሄድ ሸክላው ወደ ክሎራይት ይቀየርና ዐለቱ መልሶ ይቋቋማል። ድስቱን ትቼ ክዳኑን ስቀባ ከርሜያለሁ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ሸክላው ዐለቱ ከቀዘቀዘ በኋላም ስለሚቆይ፣ ክዳን መኖሩ ብቻውን ድስቱ ዛሬም ይፈላል አያሰኝም።

ሁለተኛው ጥፋቴ በስበት ልኬት ላይ ነው፤ ይኼኛው ይበልጥ አሳፍሮኛል። የአሉቶ መሬት አርፎ አይቀመጥም፤ የሳተላይት ራዳር እንዳሳየው እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2008 ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ተነስቶ ነበር። ይህን ይዤ በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የመለማመጃ ዳታ ፈጠርኩ። መሬቱ 15 ሳንቲሜትር ሲነሳ የስበት ንባቡ 46 ማይክሮጋል (በጣም ትንሽ የስበት መለኪያ አሃድ) ቀነሰ። እኔ ታዲያ ቸኩዬ «ውሃው ሸሽቷል» አልኩ። ከይዘቱ 10 በመቶው ቀዳዳ በሆነ ዐለት ውስጥ የውሃው ወለል አንድ ሜትር ሲወርድ ስበቱ 4.2 ማይክሮጋል ያህል ስለሚቀንስ፣ ስሌቴ 11 ሜትር ውሃ አደረቀ! አንዲት ጠብታ እንኳ አልተነቃነቀችም እኮ፤ መለኪያው ከምድር መሐል ትንሽ ስለራቀ ብቻ ነው ንባቡ የቀነሰው። በአንድ ሜትር ከፍታ 308.6 ማይክሮጋል የሚለውን ቁጥር ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አሁን ከራዳሩ ያገኘሁት ከፍታ በስበቱ ላይ ያመጣውን ለውጥ መጀመሪያ ቀንሼ በቀረው ላይ ብቻ ስለ ውሃ አወራለሁ። ሁለቱን በአንድ ስሌት ላስኬዳቸው ስል ግን የራዳሩ ዳታ በብዛቱ ስበቱን ይውጠዋል። እናንተ በስሌቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዳታ የምትሰጡትን ክብደት እንዴት ነው የምታመጣጥኑት?