የጳጉሜ 6 ስህተት እና የኮድ ረዳቶቻችን ተራ አስከባሪ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አራት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራለን። ደንበኞቻችን ትንንሽ ናቸው። የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፣ መድኃኒት ቤት አለ፣ አንድ ሁለት ሆቴል አለ። ኮድ በሚጽፉ የኤአይ ረዳቶች መሥራት ከጀመርን ሰንብተናል። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ነገር ለአንድ ረዳት ነበር የምንሰጠው። ዳታቤዙንም፣ ገጹንም፣ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን ቴስቱንም። አንድ ውይይት ውስጥ ያን ሁሉ ስታጭቁበት ግን ይምታታበታል። ጠዋት ስለ ሪፖርቱ ያወራነውን ከሰዓት በኋላ የመግቢያ ገጹ ላይ ይሰነቅርብናል።

ስለዚህ ከፋፈልናቸው። አንዱ ዳታቤዝ ብቻ፣ አንዱ ፍሮንትኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ) ብቻ፣ አንዱ ቴስት የሚጽፍ፣ አንዱ የተጻፈውን ኮድ የሚገመግም። ኮድ የሚጽፈው የኤአይ መሣሪያ ክሎድ ኮድ ላይ ይህን ማድረግ ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ረዳት አንድ የማርክዳውን (ተራ የጽሑፍ) ፋይል ትጽፋላችሁ። እዚያ ውስጥ ስሙ አለ፣ መቼ እንደሚጠራ የሚናገር መግለጫ አለ፣ የተፈቀደለት መሣሪያ አለ። እያንዳንዱ የራሱን ኮንቴክስት፣ ማለትም እየሠራ የሚያስታውሰውን ጽሑፍ፣ ለብቻው ይዞ ስለሚሠራ የአንዱ ወሬ ከሌላው ጋር አይደባለቅም።

ከባዱ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሰው ጥያቄ ሲጽፍ ለየትኛው ይሂድ? ይህን የሚወስነውን ክፍል «ተራ አስከባሪ» ብለን ጠራነው። አዘዞ የሚሄደውንና ማራኪ የሚሄደውን ሰው ለይቶ ታክሲው ላይ የሚያሳፍረው ልጅ የሚሠራው ሥራ ነዋ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ቃል ፍለጋ ነበር። በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ጥያቄው ውስጥ «ዳታቤዝ» ካለ ለዳታቤዙ ረዳት፣ «ገጽ» ካለ ለፍሮንትኤንዱ። በሁለት ቀን ፈረሰ። የእኛ ልጆች በአማርኛ ነው የሚጽፉት፣ አማርኛ ደግሞ ቃሉን ብቻውን አይተወውም። «ከዳታቤዙ»፣ «ዳታቤዛችን» ይላሉ። «ዝ» «ዙ» ሲሆን ለእኛ ያው ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ፊደል ነው፣ ዩኒኮድ ላይ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በዚያ ላይ አንዱ «ገጽ» ሲል ሌላው «ገፅ» ይላል። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ትንሽ ኮድ ጨመርኩ። እሱ እስከ ዛሬ ይጠቅመናል፣ ሎግ (የተጻፉት ጥያቄዎች መዝገብ) ውስጥ ስንፈልግ።

ግን ዋናው ችግር ፊደሉ አልነበረም። ሰው የተበላሸውን ክፍል በስሙ አይጠራውም። «ብሩ አልገባም» ይላል። «ተንቀራፈፈብኝ» ይላል። «ነጭ ሆነ» ይላል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ «ሆዴን አመመኝ» ነው የምትሉት፣ የትኛው ስፔሻሊስት እንደሚያያችሁ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። ይህ ሲገባኝ ቃል ፍለጋውን ተውኩትና ምርጫውን ራሱ ሞዴሉ፣ ማለትም ኤአይው፣ የረዳቶቹን መግለጫዎች አንብቦ እንዲያደርገው ሰጠሁት።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሠራው ስለሚመስለኝ። ለረዳቶቹ ስም ያወጣሁት ከፋሲል ግቢ ነው። ግቢው 12 በሮች አሉት፣ ብዙዎቹም የሚጠሩት በሚገባባቸው ሰው ነው። ወንበር በር የዳኞች ነው፣ እምቢልታ በር የሙዚቀኞች። እኔም ገምጋሚውን «ወንበር በር» አልኩት፣ ፍሮንትኤንዱን «ፊት በር»፣ ዳታቤዙን «ግምጃ ቤት»። ስሞቹን በጣም ወድጃቸው ነበር። ሞዴሉ ግን ስሙንም ያነባል። ስለ ብር የተጠየቀ ነገር ሁሉ ወደ «ግምጃ ቤት» ይሄድ ጀመር፣ ደረሰኙ ላይ ያለው የብር ምልክት ቦታውን ስቶ መታተሙ እንኳን ሳይቀር። የመግቢያ ይለፍ ቃል ችግር ደግሞ ወደ «ፊት በር»። በር ስለሆነ ይመስለኛል። ስሞቹን ቀየርኳቸው። አሁን «የዳታቤዝ ረዳት»፣ «የገጽ ረዳት» ነው የሚባሉት፣ ደረቅ ናቸው ግን አያሳስቱም።

ከስሙ ቀጥሎ መግለጫውን ነካሁ። ፊት «የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ከፍተኛ ልምድ ያለው» የሚል ዓይነት ነገር ነበር የጻፍኩት። ለምርጫ ምንም አይረዳም። የሁለት ሳምንት ጥያቄዎችን ከሎጉ አወጣሁና ልጆቹ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ መግለጫው ውስጥ አስገባሁት። «ሪፖርቱ ሲከፈት ደቂቃ ይፈጃል»፣ «አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ» ሲባል ለዳታቤዙ። ከዚያ የማይመለከተውን ጻፍኩ፤ «የቁልፍ ቀለም፣ የቃል አጻጻፍ፣ የህትመት ቅርጽ ለዚህ አይሰጥም»። ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይህ የ«አይሰጥም» መስመር ነው። ሁለት ረዳቶች የሚጋጩበትን ድንበር የሚያሰምረው እሱ ነው።

መግለጫው አጭር ይሁን። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ጽሑፉን ለሞዴሉ ወደ ቶክን፣ ማለትም ወደ ትንንሽ ቁራጭ፣ የሚቆርጡትም ፕሮግራሞች በብዛት የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ቶክን ይበላል፣ መግለጫው ደግሞ እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ይነበባል። ማብራሪያውን በእንግሊዝኛ፣ ምሳሌዎቹን ብቻ በአማርኛ ማድረግ ሒሳቡን አቀለለልን።

ከዚያ ጳጉሜ 6 መጣች።

የቁጠባ ማኅበሩ ጸሐፊ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የድሮ ደብተራቸውን ወደ ሲስተሙ እየገለበጡ ነበር። ደወሉልኝ። «ልጄ፣ በ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ያስገቡት ሰዎች ሁሉ መስከረም 1 ሆኑብኝ።» አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «የቀን ሳጥኑ ላይ ጳጉሜ 6 ሲገባ መስከረም 1 ይላል» ብሎ ጻፈ። ተራ አስከባሪው «ሳጥን» የሚለውን አየና ለገጽ ረዳቱ ሰጠው። የገጽ ረዳቱም ሥራውን ሠራ። ሳጥኑ ጳጉሜ 6ን እንዲያሳይ አደረገ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር አማረ፣ እኛም ዘጋነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ እንደገና ደወሉ። ሳጥኑ ጳጉሜ 6 ይላል፣ የወር መዝጊያ ሪፖርቱ ግን ብሩን አዲሱ ዓመት ላይ አስቀምጦታል። «አባቴ፣ ዓመቱ እኮ ሉቃስ ነበር» አሉኝ። «ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜ ስድስት ናት። ይህን አልነገራችሁትም?»

አልነገርነውም ነበር። ቀኑን የሚቀይረው ፋንክሽን (የኮድ ቁራጭ) ውስጥ የዓመቱ ቁጥር ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 0 ሲሆን ነው ጳጉሜ 6 የምትሆነው ተብሎ ተጽፏል፣ እንደ ፈረንጆቹ። በእኛ አቆጣጠር ቀሪው 3 ሲሆን ነው። 2015ን ለ4 ብታካፍሉት ቀሪው 3 ነው፣ እንደ 2011፣ እንደ 2019። ፋንክሽኑ ገጹ ላይም አይደለም፣ ዳታቤዙ ውስጥም አይደለም። መሃል ላይ ነው ያለው፣ ሁለቱም የሚጠሩት ቦታ። ከረዳቶቻችን አንዱም ያንን መሃል የእኔ ነው አይልም ነበር። እኔ ነኝ ሳልሰጠው የቀረሁት።

ያ ነገር በጣም አሳሰበኝ። የሰው የቁጠባ ብር ነው። ኮዱ ላይ የተሳሳተ ቦታ የነካ ረዳት ዝም ብሎ አልወደቀም፣ ስህተቱን ሸፍኖ ከዓይናችን ሰወረው። ስለዚህ አምስተኛ ረዳት ጨመርኩ፣ መርማሪ። መርማሪው ፋይል ማንበብና መፈለግ ይችላል፣ ቴስት ማስኬድ ይችላል፣ መጻፍ ግን አልተፈቀደለትም። «የተሳሳተ ነገር ያሳያል» የሚል ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ ለእሱ ነው የሚሄደው። እሱ ስህተቱ የተወለደበትን ፋይልና መስመር ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ ተራ አስከባሪው ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል። ትንሽ ያዘገያል። ብር የሚነካ ኮድ ላይ መዘግየቱን እመርጣለሁ። «አዲስ ቁልፍ ጨምርልኝ» ለሚል ጥያቄ ግን መርማሪ አያስፈልግም፣ በቀጥታ ይሂድ።

ሌላ የጨመርኩት ነገር መልሶ መጠየቅ ነው። ተራ አስከባሪው ሁለት ረዳቶች እኩል ከመሰሉት አይገምት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ ብዬ ጻፍኩ። ፊት ላይ አራት አምስት ጥያቄ ይደረድር ነበር፣ ልጆቹ ተሰላቹና እሱን ዘለው ራሳቸው ረዳት መምረጥ ጀመሩ። አንድ ጥያቄ ሲሆን ይመልሳሉ። ጥያቄው ደግሞ «ዳታቤዝ ነው ወይስ ገጽ?» መሆን የለበትም፣ ያንን ቢያውቁ መች ይጠይቁት ነበር። በዓይናቸው የሚያዩትን ነው መጠየቅ ያለበት።

ባለፈው ሳምንት ለተግባር ልምምድ የመጣች ልጅ ስለ ሆቴሉ ሲስተም «የእንግዶች መግቢያ ሰዓት ተሳስቷል» ብላ ጻፈች። ይህች ጥያቄ ድሮ በዘፈቀደ ነበር የምትሄደው። ተራ አስከባሪው «በስንት ሰዓት ነው የሚለየው፣ በ3 ወይስ በ6?» አላት። 3 ከሆነ ሰርቨሩ የዩቲሲን (የዓለም አቀፉን መለኪያ) ሰዓት እንዳለ እያወጣ ነው፣ እኛ ከእሱ 3 ሰዓት እንቀድማለንና። 6 ከሆነ ሰዓቱ ትክክል ነው፣ ስክሪኑ ላይ ወደ ሐበሻ ሰዓት አልተቀየረም። ልጅቷ ስክሪኑን አየች፣ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«6» ብላ ጻፈች። ለገጽ ረዳቱ ሄደ።