ታካሃሺ ኮሬኪዮ፦ ገንዘብ ማተምን ለማቆም የሞከሩት ጃፓናዊ

እዚህ ደብረ ማርቆስ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር፣ ስለ ማዕከላዊ ባንክ በተነሣ ቁጥር ከተማሪዎቼ የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ፤ መንግሥት ሲቸግረው ባንኩ ለምን ገንዘብ አትሞ አይሰጠውም? ለዚህ ጥያቄ ከመማሪያ መጻሕፍቱ የተሻለ መልስ ያገኘሁት በታካሃሺ ኮሬኪዮ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው። ቀናቱንና ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ታካሃሺ በ1854 ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው ኤዶ ከጋብቻ ውጭ ተወለዱ፤ ያሳደጋቸውም በጉዲፈቻ የወሰዳቸው የአንድ ዝቅተኛ ወታደር ቤተሰብ ነው። በ1867 ለትምህርት አሜሪካ ተልከው ሳለ፣ ምንነቱን ሳይረዱ በፈረሙት ውል ምክንያት ኦክላንድ ውስጥ አገልጋይ ሆነው ተሸጡ። ወደ አገራቸው ተመልሰው እንግሊዝኛ አስተማሩ፣ የፓተንት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ ያንንም ትተው ብር ለማውጣት ፔሩ ድረስ ቢሄዱ ማዕድኑ ቀድሞ የተሟጠጠ ሆኖ ስላገኙት ከስረው ተመለሱ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የጃፓን ባንክ የገቡት ከዚህ ኪሳራ በኋላ፣ በ1892 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራቸውም የአዲሱን ሕንጻ ግንባታ መከታተል ነበር። የሕንጻው ነዳፊ ታትሱኖ ኪንጎ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ መምህር ለሆነ ሰው ይህ ደስ የሚል ነገር ነው።

በ1904 ምክትል ገዥ ሳሉ ከሩሲያ ጋር ለተጀመረው ጦርነት ሎንዶንና ኒውዮርክ ብድር አፈላለጉ፤ ከ1911 እስከ 1913 የባንኩ ገዥ፣ በ1921 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራቸው የመጣው በእርጅናቸው ነው። በ1927 ሕዝቡ ተደናግጦ ገንዘቡን ለማውጣት ባንኮችን ሲያጨናንቅ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ታካሃሺ ባንኮቹን ለጥቂት ቀናት አዘግተው፣ ጊዜ ስላልነበረ ጀርባቸው ባዶ የሆነ ባለ 200 የን ኖቶች በጥድፊያ አሳተሙ። ባንኮቹ ሲከፈቱ በየመስኮቱ የተቆለለውን ገንዘብ ያየ ሁሉ ተረጋጋ።

በታኅሣሥ 1931 እንደ ገና የገንዘብ ሚኒስትር ሲሆኑ የኑን ከወርቅ አላቀቁት፤ የወረቀት የኑ በወርቅ መመንዘሩ ቀረ ማለት ነው። በባሶ ገበያ በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ይገበያዩ የነበሩ አባቶቻችን ወረቀትን ለማመን ምን ያህል እንደ ከበዳቸው ለሚያውቅ ጎጃሜ፣ የእርምጃው ድፍረት አይጠፋውም። የየኑ ዋጋ ወረደ፣ የጃፓን ሸቀጥ በውጭ ገበያ ረከሰ፣ ወለዱም ተቀነሰ። ከ1932 ጀምሮ ባንኩ የመንግሥትን ቦንድ፣ ማለት መንግሥት የሚበደርበትን ሰነድ፣ አዲስ ገንዘብ እየፈጠረ በቀጥታ ይገዛ ጀመር፤ ከገንዘቡም ከፊሉ የሐርና የሩዝ ዋጋ ወድቆበት ለተጎዳው ገበሬ የቀን ሥራ ለመፍጠር፣ ብዙው ግን ለጦር ሠራዊቱ ዋለ። ጃፓን በዚያን ጊዜ ዓለምን ከመታው የኢኮኖሚ ድቀት ከብዙ አገሮች ቀድማ ወጣች።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ «እንግዲያው ማተም ይጠቅማል» ይላሉ። የሚዘነጉት ግን፣ ባንኩ የገዛውን ቦንድ አብዛኛውን መልሶ ለንግድ ባንኮች እየሸጠ የተረጨውን ገንዘብ ይሰበስብ እንደ ነበር ነው። በ1935 ንግድ ባንኮቹ ቦንዱን እንደ ልብ መግዛት ሲያቅታቸው፣ ታካሃሺ የማቆሚያው ጊዜ መድረሱን ተረድተው የጦር ሠራዊቱን የበጀት ጭማሪ ለመግታት ተነሡ። የካቲት 26 ቀን 1936 ወጣት የጦር መኮንኖች ቤታቸው ገብተው፣ የ81 ዓመቱን አዛውንት ከአልጋቸው ሳይነሡ ገደሏቸው።

ከእሳቸው በኋላ የጦሩን በጀት የሚገታ ሚኒስትር አልተገኘም፤ ባንኩም ቦንዱን መግዛቱን ቀጠለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የነበረው የዋጋ ንረትም የሕዝቡን ቁጠባ በላው። በ1947 የወጣው የፋይናንስ ሕግ አምስተኛው አንቀጽ፣ ምክር ቤቱ በልዩ ሁኔታ ካልፈቀደ በቀር፣ የጃፓን ባንክ የመንግሥትን ቦንድ በቀጥታ እንዳይገዛ ይከለክላል።