ግራመር ቼከሩ ያሳለፈው ደብዳቤ

ድሬ ከዚራ ያለ ትራንዚት ቢሮ ነው የምሰራው፣ ጅቡቲ ላሉት ኤጀንቶች የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ የደንበኛ ኢንቮይስ ምናምን ያለበትን ደብዳቤ ኦንላይን ቼከር ላይ ኮፒ ፔስት ሲያደርጉ ደስ አይለኝም ነበር፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም። ስለዚህ ላንጉዌጅቱል የሚባለውን ግራመር ቼከር ቢሮ ባለ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ጫንኩት። ኦፕን ሶርስ ነው፣ ጃቫ ካለ ይነሳል፣ ፖርቱ (ሌሎች ኮምፒውተሮች የሚገቡበት ቁጥር) 8081 ነው፣ ግን ስታስነሱት ፐብሊክ የምትለዋን ትእዛዝ ካልጨመራችሁ ከራሱ ማሽን ውጪ ለማንም አይመልስም። ፈረንሳይኛም ስለሚያርም ለጅቡቲ ሰዎች በጣም ጠቅሞናል።

«ዲድ ኖት ሪሲቭ» በማለት ፋንታ «ዲድ ኖት ሪሲቭድ» የምንለው በሽታችን ወዲያው ቀነሰ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰአት አንዷ ልጅ የመጋዘኑን ኪራይ ከፍለናል ለማለት «ዊ ፔይ ዘ ስቶሬጅ ፊ» ብላ ጻፈች፣ ቼከሩ ምንም አላሰመረም፣ ላከችው። ኤጀንቱ እንከፍላለን ያልን መስሎት ብር መጠበቅ ጀመረ። ጅቡቲዎች አርብና ቅዳሜ ያርፋሉ፣ እሁድ እነሱ ሲገቡ እኛ የለንም፣ ነገሩ ሰኞ እስኪታወቅ ኮንቴነሩ እዛው ቆሞ ኪራዩ እየቆጠረ ነበር፣ ደንበኛው ደግሞ ስልክ በስልክ አደረገን።

ልጅቷ ላይ ተጮኸባት፣ እኔ ግን አልተስማማሁም፣ ምክንያቱም አረፍተ ነገሩ በሰዋሰው በኩል ልክ ነው። ማሽኑ ግሱ ከባለቤቱ ጋር መስማማቱን ያያል እንጂ ብሩ ከባንክ መውጣቱን ከየት ያውቃል? እሱን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ማሽኑ ሰውየውን እንዲጠይቅ ማድረግ አለብን አልኩ።

የራሳችን ሰርቨር መሆኑ የጠቀመን እዚህ ጋ ነው። ቼከሩ የሚያርምባቸው ህጎች በኤክስኤምኤል (ሰው ከፍቶ ሊያስተካክለው በሚችል የጽሁፍ ፋይል) ስለሚጻፉ የራሳችንን ህግ ጨመርኩበት፣ መልእክቱንም በአማርኛ አደረግኩት። አሁን «ዊ ፔይ» የሚል ካገኘ አስምሮ «ከፍላችኋል ወይስ ልትከፍሉ ነው? ቀኑን ጻፉ» ይላል። ፋይናንሶቹ «ሴንድ»ንም ጨምርልን ብለውኝ ጨመርኩ፣ ቀጥሎ የምሰራው «ዊ ሃቭ ሴንት የስተርደይ» የሚለውን ነው፣ በአማርኛ ትናንት ልከናል ስለምንል ሁላችንም እንደዛ ነው የምንጽፈው፣ እንግሊዝኛው ግን የስተርደይ ካለ ሃቭ አይፈልግም።