የዓመት ፈቃዴን እቤቴ ቁጭ ብዬ ላርፍበት ነበር እኮ

ሰፈሩ ሁሉ እየሳቀብኝ ስለሆነ ከሌላ ሰው ተዛብቶ ከምትሰሙት እኔው ራሴ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ፈቃድ ወሰድኩ፣ ከሰኞ ሚያዝያ 26 እስከ አርብ 30። ማክሰኞ 27 የአርበኞች ቀን ስለሆነ ለማንኛውም ዝግ ነው፣ ስለዚህ አራት ቀን ብቻ ከፈቃዴ ተቆርጦ ቅዳሜና እሁዶቹ ሲጨመሩ ዘጠኝ ቀን ማረፍ ማለት ነው። ይቺን ሂሳብ የሰራሁት ጥር ላይ ነው፣ ሌላ ስራ አልነበረኝም በቃ። ጓደኞቼ ጎርጎራ ውረድ፣ ባህርዳር ሂድ ምናምን አሉኝ፣ እኔ ግን በዚህ ሙቀት ሚኒባስ ውስጥ ለሶስት በተሰራ ወንበር አራተኛ ሆኜ የማላውቀው ሰው ላብ ትከሻዬ ላይ እየደረቀ የትም አልሄድም፣ እቤቴ ነኝ አልኩ።

ሙቀቱን ደግሞ ጎንደርን ደጋ ናት ብላችሁ የምታስቡ አታምኑኝም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነን፣ ማታ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል፣ እሱ ልክ ነው። ቀን ቀን ግን ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ጣራ ስር የተቀመጠ ሰው ምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ነው፣ ጣራው ራሱ ጧ ቋ እያለ ይሰፋል። መተማ ያለው የአጎቴ ልጅ ጋ ደውዬ "ወንድሜ አለቅን፣ ስልኬ 31 ዲግሪ ይላል" አልኩት። ዝም አለ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ ስል "ጋቢ ደርበህበታል?" አለኝ። እነሱ ጋ 40 አልፏል ለካ። ዘጋሁበት።

ሰኞ ጠዋት ዳስ ሰራሁ። አራት የባህር ዛፍ እንጨት፣ የድሮ ሸራ፣ ገመድ፣ አለቀ። አንደኛው እግር ትንሽ ስላጠረ ዳሱ ወደ ጎረቤት ዘመም ያለ ነው፣ እማዬ "ሰላምታ እየሰጠ ነው እንዴ" አለች፣ ግን ጥላ ጥላ ነው። ስሩ ያረጀ ፍራሽ ዘረጋሁና ሳፋ አጠገቤ አድርጌ ማንጎ መብላት ጀመርኩ። ማንጎ በቢላ የሚቆርጥ ሰው አይገባኝም። ማንጎ መጀመሪያ በመዳፍ ይታሻል፣ ከዛ ጫፉ ይነከሳል፣ ከዛ ይመጠጣል፣ ጭማቂው በክንድህ ወርዶ ክርንህ ጋ ሲደርስ በምላስህ ትቀድመዋለህ፣ መጨረሻ ላይ ፍሬዋን ነጭ እስክትሆን ግጠህ ጥርስህ ውስጥ የገባውን ጭረት እስከ ማታ ትጎረጉራለህ። ሶስት በላሁ። ነገ ስራ የለም። ጥምቀት ላይ እየዘለልን የምንገባበት የፋሲል መዋኛ እንኳ አሁን ደረቅ ነው፣ ውሃ ከቀሃ ወንዝ የሚገባበት ለጥምቀት ነዋ፣ እኔ ግን በዛች ሰዓት ከራሱ ከአፄ ፋሲል በላይ ነበርኩ።

እዛው ፍራሽ ላይ እንዳለሁ ነው እንግዲህ ሀሳቡ የመጣው። ቀዝቃዛ ብርዝ!

ለፋሲካ አጎቴ ከቋራ የላከልን ማር አለ፣ ሰፈፉ ያልወጣለት፣ ቀይ፣ ሽታው ብቻ ክፍሉን የሚሞላ። እማዬ ለመድኃኒት ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር፣ ለምኜ ለምኜ አስከፈትኳት። አንድ ጣሳ ማር ለአራት ጣሳ ውሃ፣ እሱን አያቴ ስትሰራ አይቻለሁ። እያማሰልኩ ሳለ ግን ትንሽ ሞቅ ቢያደርግስ ብዬ የጌሾ እንጨት ሰባበርኩና ጨመርኩበት። እማዬ በበር ብቅ ብላ አየችኝ።

"ምነዋ፣ ጠጅ ልትጥል ነው?"

"ኧረ ብርዝ ነው።"

"ጌሾ የገባበት ብርዝ የት አገር ነው ያየኸው? በል በጋን አድርገውና አፉን በጨርቅ እሰረው፣ ማር ትንፋሽ ይፈልጋል።"

እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ አይደል፣ "እማዬ፣ በጨርቅማ አቧራ ይገባበታል፣ ጥብቅ ብሎ መዘጋት አለበት" አልኳትና አምስት ባለሁለት ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ አጥቤ እስከ አንገታቸው ሞላሁ፣ ክዳናቸውን በፎጣ ይዤ ጠመዘዝኩ። አንደኛውን እንደውም በጥርሴ ነው ያጠበቅኩት። እማዬ ምንም አላለችም፣ እንደው ራሷን ነቀነቀችና ገባች። ስታውቅ ዝም የምትለው ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ማክሰኞ ተኛሁ። ስለ ማክሰኞ ሌላ የምለው የለኝም፣ ቆንጆ ቀን ነበር።

እሮብ አንዷን ከፈትኩ፣ ጢስስስ አለች። ቀመስኳት፣ ጣፋጭ፣ አፍንጫ ውስጥ የምትነዝር፣ ልክ እንደ ለስላሳ! እማዬን አስቀመስኳት፣ "አይ መቼስ" ብላ ብርጭቆውን ጨረሰችው፣ ከእማዬ አፍ ይሄ ሽልማት ነው። በደስታ ክዳኑን መልሼ ቆለፍኩና አምስቱንም ፍሪጅ ውስጥ ደረደርኩ። ማታ ሶስት ሰዓት ላይ ደግሞ ፈረቃችን ደርሶ ውሃ መጣ፣ ቤተሰብ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ሲሯሯጥ፣ ሮቶው ሲንኳኳ፣ እኔ ጓሮ ሄጄ በቁምጣ ሆኜ አንድ ባልዲ ሙሉ በጆክ በጆክ አናቴ ላይ አፈሰስኩ። ቀን ሙሉ የነደደ ሰውነት ላይ ያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድ እሪ አልኩ፣ የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ተቀበሉኝ። አንድ ባልዲ ልጨምር ብዬ ጨመርኩ። ይቺን ሁለተኛ ባልዲ አስታውሱልኝ።

ሐሙስ የእማዬን ዱካዎች ቀለም ቀባሁ። ከፒያሳ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ገዝቼ መጥቼ፣ ሻጩ ስስ አድርገህ ቀባ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አትደርብ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ግን በዚህ ፀሐይ ድንጋይ ይደርቃል ብዬ በሰዓት ልዩነት ሶስቴ ደራረብኩበት። ማታ በጣቴ ነካሁት፣ ደርቋል። የሚያብረቀርቅ፣ መስታወት! ኋላ ነው የገባኝ፣ ቀለም ወፍራም ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ከላይ ቆዳ ያወጣል፣ ውስጡ ግን እንዳለ ነው፣ ልክ እንደ ገንፎ።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። አርብም ሄዶ ቀረ። ፍሪጁን ማንም አልከፈተውም፣ እኔም ረስቼዋለሁ።

ቅዳሜ ግንቦት 1፣ ልደታ። በኛ ሰፈር የግንቦት ልደታ ማለት ታውቃላችሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አዋጥቶ ደጅ ላይ ነው፣ ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ጠላው፣ ቡናው። ዘንድሮ ደግሞ ዳስ ያለው ማን ነው? እኔ! ሁሉም እኛ ግቢ መጣ። እማማ መጡ፣ ከኛ ቤት ቀጥሎ ያሉት፣ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ያለች። ሃምሳ አለቃ መጡ፣ ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመታቸው፣ አሁንም ግን ሲቀመጡ ጀርባቸውን ለግድግዳ ነው። የንስሐ አባታችንም መጡ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እኔ ሮጬ ሄጄ አዲስ ከቀባኋቸው ዱካዎች ሰፋ ያለችውን አምጥቼ "አባ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ ጥላው ይሻላል" አልኳቸው። መርቀውኝ ተቀመጡ።

አባ ጠላው ላይ ስለት አለብኝ ሲሉ ነው ብርዙ ትዝ ያለኝ። ፍሪጁን ስከፍተው ጠርሙሶቹ ተለውጠዋል። ፕላስቲኩ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፣ ሆዳቸው ተነፍቷል፣ መቀመጫቸው ወደ ውጭ ስለወጣ ማቆም አልቻልኩም፣ ዳሱ ስር ያለው ጠረጴዛ ላይ አንዷን በአንዷ አስደግፌ አቆምኳቸው። የጎረቤት ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጠጋ ብሎ አያቸውና "ጋሼ፣ አርግዘው ነው?" አለኝ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ይሄ ልጅ ከኔ ይሻል ነበር። ፍሪጅ ሲቀዘቅዝ ተኝቶ የነበረው ነገር መብራት ከሄደ ጀምሮ ነቅቶ ማሩን ሲበላ ሁለት ቀን ሙሉ ጋዝ ሲያመርት ነው የከረመው፣ ክዳኑ ደግሞ በጥርስ ነው የጠበቀው።

ነጋሪት ሲቀር ሁሉን አሟልቼ መሀል ቆምኩ። "ይሄ በገዛ እጄ የሰራሁት የቋራ ማር ብርዝ ነው፣ አባ ይቅመሱልኝ" ብዬ ጠርሙሷን አቅፌ ክዳኗን ሩብ ዙር ያህል አላዞርኳትም።

ጧ!!

ክዳኑ ሸራውን መትቶ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ብርዙ ግን በቀጥታ ፊቴ ላይ፣ አፍንጫዬ ውስጥ፣ ፀጉሬ ውስጥ ከነሰፈፉ። እኔ ስደነግጥ ጠረጴዛውን በዳሌዬ መታሁት፣ የተደጋገፉት ተንከባለሉ፣ አንዷ ድንጋይ ላይ ወድቃ ሌላ ጧ! ብላ እየተሽከረከረች ግቢውን ዞረችው፣ ንፍሮውን አጠመቀችው፣ ረከቦቱን ይዛ ሄደች።

አሁን በዚህ ጊዜ እኛ አገር ጧ የሚል ድምፅ ቀልድ አይደለም። ሃምሳ አለቃ "ተኛ!" ብለው መሬት ላይ ልጥፍ፣ ከሳቸው ጋር ግማሹ ሰው ልጥፍ፣ እማዬ ሲኒ እንደያዘች ልጥፍ። እማማ ብቻ አልተኙም። እማማ በዛች በደከመች ጆሯቸው ድምፁን ሰምተው ፊታቸው በራ፣ ተነስተው ቆሙና "እልልልልልል!" አሉ።

ለካ ከኛ በታች ሁለት ቤት አልፎ ሰርግ አለ። ድሮ ሙሽራ ሲገባ ጥይት ይተኮስ አልነበር፣ እማማ ሙሽራው ደረሰ ብለው ነው! "እልልል፣ እንኳን ደህና መጣህ የኔ ልጅ!" እያሉ አላቆም አሉ። እሱም ቢሆን እኛ ግቢ ቢቀር ምንም አልነበረም። ሰርግ ቤቱ ያሉት ሴቶች ሙሽራው ዘግይቶባቸው በር በሩን ሲያዩ ነው የዋሉት፣ መጀመሪያ ጧ ጧ፣ ቀጥሎ እልልታ ሲሰሙ ሙሽራው በላይኛው መንገድ መጣ ብለው ከበሮ ይዘው እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በኛ በር ዘው አሉ።

ያዩት ይሄን ነው፦ መሬት ላይ የተኛ ህዝብ፣ ቆመው እልል የሚሉ አንድ አሮጊት፣ መሀል ላይ ደግሞ ከአናቱ እስከ ጫማው ማር የሚያንጠባጥብ እኔ፣ ጠርሙስ እንደ ህፃን ታቅፌ። ከበሮው ሁለት ሶስቴ ብቻውን መታና ቆመ። አንዷ ከኋላ "ሙሽራው ይሄ ነው እንዴ?" አለች፣ ድምጿ ላይ ያለውን ሀዘን አልረሳውም።

ከዛማ ሳቁን ተዉት። ሃምሳ አለቃ ተነስተው ጉልበታቸውን እያራገፉ "ድምፁ የክላሽ እንዳልሆነስ አውቄዋለሁ፣ ለጥንቃቄ ነው" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ዝንቡ መጣ፣ ንቡ ከየት እንደሆነ አላውቅም መጣ፣ ልታጠብ ሮቶው ጋ ስሮጥ ሮቶው ባዶ፣ ቀጣዩ ፈረቃ እሮብ። እማዬ ከመሬት ሳትነሳ "ሁለተኛውን ባልዲ ጨምርበት እንጂ" አለችኝ። ሰምታኛለች ለካ። በአንድ ጆክ ውሃ ፊቴን ብቻ ታጥቤ የቀረውን ማር እንደ ጋቢ ለብሼው ዋልኩ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ከቦታቸው ያልተንቀሳቀሱ አንድ ሰው አባ ናቸው። አልተኙም፣ አልጮኹም፣ መስቀላቸውን እንደያዙ ዱካቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጺማቸው ላይ የደረሰችውን ጠብታ በጣታቸው ጠርገው ቀመሷትና "ማሩስ ደግ ማር ነው፣ ልጄ" አሉኝ። በዛች ሰዓት ያጽናናኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፣ አልቅሼ ነበር ማለት ይቻላል። ትንሽ ከቆዩ በኋላ ሰርግ ቤቱም እየጠበቀኝ ነው፣ በሉ ሰላም ዋሉ ብለው መርቀውን ብድግ አሉ።

ዱካዋም አብራ ተነሳች።