«ሽታ አልተገኘም» ተብሎ የሚዘጋ ፋይል

የምሠራው የከተማ ምክር ቤት ውስጥ የነዋሪ ቅሬታ የሚቀበል ክፍል ነው። ከሚመጣው ሁሉ የሚያስቸግረው የሽታ ቅሬታ ነው፣ ቆሻሻ ቢጣል ፎቶ ይነሳል፣ ሽታ ግን እስክትደርስ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፣ ያመለከተው ሰውም ውሸታም መስሎ ይቀራል። ይሄን የምጽፈው እንደኔ ዓይነት ሥራ ላይ ያላችሁም ፋብሪካ አጠገብ የምትኖሩም ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ ነው።

ጉዳዩ የቆዳ ፋብሪካ ነው። ከሱ በታች ያለው ሰፈር «ማታ ማታ የበሰበሰ እንቁላል ይሸተናል፣ ልጆቻችንን ራሳቸውን ያማቸዋል፣ መስኮት ከፍተን መተኛት አልቻልንም» እያለ በተደጋጋሚ ያመለክታል። ኢንስፔክተር ይላካል፣ ኢንስፔክተሩ መኪና ሲገኝለት ረፋድ ላይ ይሄዳል፣ ግቢውን ይዞራል፣ ምንም አይሸተውም፣ ከዛ «በቦታው ተገኝተን አይተናል፣ ሽታ አልተገኘም» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ወደዚህ ክፍል ስዛወር ያ ፋይል ወፍሮ ነው የጠበቀኝ፣ ብታገላብጡት መልሱ ሁሉም ላይ ያው ነው።

በኋላ ምክር ቤቱ ነዋሪውንና ፋብሪካውን አንድ አዳራሽ ሰብስቦ አወያየ። የፋብሪካው ማናጀር ተነስቶ «እኛ እኮ እዛው ነው የምንውለው፣ ምንም አይሸተንም፣ ሠራተኞቹን ጠይቁ» ሲል ሰዉ ጮኸበት። እኔ ግን ሰውየው የዋሸ አልመሰለኝም። አፍንጫ አንድ ሽታ ውስጥ ሲቆይ ይለምደውና ማሽተቱን ይተዋል፣ ስለዚህ እዛው የሚውል ሰው «አይሸተኝም» ማለቱ ለምንም ማስረጃ አይሆንም፣ ግቢው ውስጥ ሲዞር የቆየ ኢንስፔክተርም ቢሆን እንደዛው።

ጩኸቱ ጋብ ሲል አንዲት እናት ከኋላ መጥተው ደብተር ሰጡኝ። «እኔ ስብሰባ ላይ መናገር አይሆንልኝም ልጄ፣ ግን ጽፌዋለሁ» አሉኝ። ስከፍተው እያንዳንዱ መስመር ላይ ቀኑ አለ፣ ሽታው የጀመረበት ሰዓት አለ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ አለ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ «ልብሱ ወደ በር»፣ «ልብሱ ወደ ጓሮ»፣ «ልብሱ አይነቃነቅም» የሚል አለ። ምንድነው እማማ ስላቸው ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው እያዩ ነው የጻፉት። እውነቴን ነው፣ ፋይሉ ውስጥ ካለው ሪፖርት ሁሉ እሳቸው ደብተር ላይ ያለው መረጃ ይበልጥ ነበር።

ኤክሴል ላይ ገለበጥኩት። የባሱት ቀኖች ሁሉም «ልብሱ አይነቃነቅም» የተባለባቸው ናቸው፣ ሰዓቱም ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ እስከ ንጋት። ይሄ ደግሞ ምክንያት አለው፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ መሬት አጠገብ ያለው አየርም አብሮ ይቀዘቅዝና ከላይኛው ሞቅ ካለው አየር ጋር ሳይቀላቀል ታች ይተኛል፣ የወጣውን ጋዝ ሁሉ ይዞ። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ይናወጣል፣ ሽታውም ይበተናል። የኛ ኢንስፔክተር የሚሄደው እንግዲህ ልክ ከተበተነ በኋላ ነው።

ከአካባቢ ጥበቃ ቴክኒሻን ጋር ሆነን ማታ ሄድን። እዚህ ጋ ስለ ቆዳ ሥራ ትንሽ ልበል፣ ጥሬ ቆዳ ፀጉሩ የሚረግፈው ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ያለበት ድራም ውስጥ ነው፣ የዚህ ፍሳሽ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው ነው፣ 7 መሃል ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲድ ይበዛል) ወደ 12 ይጠጋል፣ እዛ ላይ እስካለ ድረስ ሰልፋይዱ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል። ከዛ በኋላ ግን ቆዳው ክሮም ከሚባለው ማልፊያ ኬሚካል ውስጥ ከመግባቱ በፊት አሲድ ውስጥ ይገባል። የሁለቱ ፍሳሽ ከተገናኘ ፒኤቹ ይወርዳል፣ 7 ሲደርስ ግማሽ ያህሉ ሰልፋይድ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደሚባለው፣ የበሰበሰ እንቁላል ወደሚሸተው ጋዝ ተቀይሮ ለመውጣት ዝግጁ ነው፣ ከዛ በታች ሲሆን ይብሳል። እዛ ፋብሪካ የሁለቱም ቱቦ አንድ ማንሆል ላይ ነበር የሚገናኘው፣ የሌሊት ሺፍት ደግሞ ሁለቱንም ድራም በተቀራራቢ ሰዓት ነው የሚደፋው።

ቴክኒሻኑ ደረቱ ላይ ያንጠለጠላት የጋዝ መለኪያ ማንሆሉ ጋ ሳንደርስ መጮህ ጀመረች። አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ ያለ ምንም መከላከያ ክዳኑን በብረት ሊያነሳ ጎንበስ ብሏል፣ ተው ስንለው «ኧረ አይሸትም» አለን። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ጋዝ ከቢሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ጥቂት ክፍል ብቻ እያለ ይሸታል፣ ከሚሊዮን ወደ 100 ክፍል ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ከዛ በላይ ሲወጣ ይገድላል። ጉድጓድ ውስጥ እንዲህ የሞቱ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች በተለያየ አገር አሉ። ሰፈሩ ስለ እንቅልፉ ሲጮህ ሳያውቀው ለዛ ልጅም ነበር የሚጮኸው።

ማናጀሩ መጀመሪያ ያቀረበው ሽታ የሚሸፍን ኬሚካል አጥር ላይ መርጨት ነበር፣ ርካሽ ስለሆነ አንዳንድ የምክር ቤት አባላትም ወደዱት። እኔ አጥብቄ ተከራከርኩ፣ ጋዙ እንዳለ ሆኖ ሽታውን ብቻ መሸፈን ማለት የሰዉን ማስጠንቀቂያ መንጠቅ ነው። በመጨረሻ የተወሰነው ሁለቱ መስመር እንዲለይ፣ የኖራው ፍሳሽ ለብቻው ታንክ ገብቶ ሥራውን የሚያፋጥን ማንጋኒዝ ሰልፌት ተጨምሮበት አየር እየተነፋ ሰልፋይዱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጋዝ ወደማይወጣው ነገር እስኪቀየር እንዲቆይ፣ ከአሲዱ ጋር የሚቀላቀለው ከዛ በኋላ ብቻ እንዲሆን ነው። ማናጀሩ ቱቦው ሲለይ ራሱ ቆሞ አሠራ፣ ይሄንን ሳልናገር አላልፍም።

የኛም ፎርም ተቀየረ። ድሮ ስምና «የቅሬታው ፍሬ ነገር» ብቻ ነበር የሚጠይቀው፣ አሁን ሰዓቱን፣ የቆየበትን ጊዜ፣ ምን ምን እንደሚሸትና ነፋሱ ወዴት እንደነበር ይጠይቃል፣ ተረኛ ኢንስፔክተርም ቅሬታው በተነሳበት ሰዓት ነው የሚወጣው፣ መጀመሪያ ደግሞ ሰፈሩ ጋ ነው የሚቆመው፣ ፋብሪካው በኋላ።

ቅሬታው በጣም ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ታንኩ ላይ ፒኤቹ ከወረደ አየር መንፋቱ ራሱ ጋዙን ያባርረዋል፣ ስለዚህ የሌሊት ሺፍቱ ካልተከታተለው ሰፈሩ ይሸተዋል፣ ሲሸተውም ይደውላል፣ እኛም እንወጣለን። የጋዝ መለኪያዋ ግን እስካሁን የተዋስናት ናት፣ በጀት ላይ በየስብሰባው እያነሳሁ ነው፣ እስኪገዛም አነሳለሁ።