ጅማ ቁጭ ብዬ ደናክል ውስጥ የጠፋ ጉዞ ስፈልግ

ነገሩ የጀመረው ከጌራ ነው። እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ፣ ጌራ ላይ፣ ጆቫኒ ኪያሪኒ የሚባል ጣሊያናዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1879 እንደታገተ ሞቷል። ጓደኛው አንቶኒዮ ቼኪ በዓመቱ ተለቀቀ። እሱን ለማስፈታት ላይ ታች ካሉት አንዱ ጉስታቮ ቢያንኪ ነበር። የቢያንኪን መጨረሻ ላጣራ ስል ሌላ ታሪክ ውስጥ ገባሁ። ሰውየው በ1884 ከትግራይ ወደ አሰብ የሚያወርድ መንገድ ሲፈልግ፣ ከባልደረቦቹ ከዲያናና ከሞናሪ ጋር ደናክል በረሃ ላይ ተገደለ። የቱ ጋ? በቃ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

መሣሪያዬ በነጻ የሚገኝ የሳተላይት ምስል ነው። ሌሊት ነው የምሠራው፣ ኢንተርኔቱ ትንሽ የሚፈጥነው ያኔ ስለሆነ። መቃብር አልፈለግኩም፤ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ አጥንት ከሰማይ አይታይም። የሚታየው የግመል መንገድ ነው። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ላይ ግመል ለዘመናት ሲመላለስ ድንጋዩ ወደ ዳር ይገፋና ነጣ ያለው አፈር ይወጣል። ከላይ ሲታይ ቀጭን ክር ይመስላል። ክሮቹ ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ቦታ ከተገናኙ፣ እዚያ ውሃ አለ፤ ወይ ነበር።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ቡና ጭኖ ጅቡቲ የሚመላለስ ጎረቤታችን ነው። የድሮውን ካርታ አሳየሁት። ቀጥ ብሎ ባሕር የሚደርሰውን መስመር አይቶ ሳቀ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ያሰመረው ሰው ግመል አይቶ ያውቃል?»

«እንዴት ጋሼ?»

«ግመል የሚሄደው ወደ ውሃ ነዋ! ውሃው ደግሞ ባለቤት አለው።»

እውነቱን ነው። አፋር ውስጥ የውሃ ጉድጓድና የግጦሽ መሬት የጎሳ ነው፤ ሳያስፈቅዱ ዘው ማለት ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነበር። የግብፅን ጦር ይመራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር በ1875 አፋር ውስጥ አውሳ ላይ ከአብዛኛው ጦሩ ጋር አለቀ። ጣሊያናዊው አሳሽ ጁልዬቲ በ1881 እዚያው ደናክል በረሃ ተገደለ። ቢያንኪ ሦስት ዓመት ቆይቶ ገባ። እኛ ጉዞው ጠፋ እንላለን እንጂ፣ ለአገሬው ሰው የጠፋ ነገር የለም፤ ማን የት እንደወደቀ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ አሠራሬን ቀየርኩ። ከሞቱበት ቦታ ግምት መነሳቱን ትቼ፣ በእርግጠኝነት ከታዩበት ከደጋው ጫፍ ጀመርኩ። ከዚያ የጫነ ግመል በአንድ ጉዞ ሊደርስበት የሚችለውን ውሃ እየተከተልኩ ወረድኩ። ውሃ የሌለበትን አቅጣጫ ሁሉ ሰረዝኩ። ይሄ ብቻውን ካርታውን አጋመሰልኝ።

አሁን እጄ ላይ ያለው አንድ ደረቅ ሸለቆና ጥቂት ጉድጓዶች ናቸው። ይሄ ነው ብዬ የምጠቁመው ነጥብ የለኝም። ጋሼ በሚቀጥለው ጭነት ሚሌ ላይ የሚያውቃቸውን አንድ ሽማግሌ እንዲያናግርልኝ ጥያቄዎቼን ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። አብዛኞቹ ስለ ጣሊያኖቹ አይደሉም። ጉድጓዶቹ የየትኛው ጎሳ ናቸው፣ በየትኛው ወር ይደርቃሉ፣ ከትግራይ የሚወርድ ነጋዴ ድሮ የትኛው ጋ ያድር ነበር የሚሉ ናቸው።